ደም አምርቱ ብሎ የሚያዘው ማነው? ስለ ደም ማነስና ስለ ሆርሞኖች

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት ልል ነበር፣ ግን መጨረሻ ላይ ስለ ቡና የምለው ስላለኝ ተውኩት።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የ24 ዓመት ወጣት እዚሁ ባሕር ዳር ወደምሠራበት ክፍል መጣች። (ታሪኩን ለማስተማሪያ እንድጠቀምበት ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚገልጹ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) «ዶክተር፣ ደም ማነስ አለብኝ። አራት ወር ሙሉ እየታከምኩ ነው፣ ግን ባሰብኝ» አለችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላለው ቢሮዋ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ከአፏ ልትወጣ ትደርሳለች። ከሰዓት በኋላ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። አለቃዋ «ሰነፍሽ» ብሏታል።

«ሕክምናው ምን ነበር?» አልኳት።

«ጨው በዛ አድርጌ እበላለሁ፣ ቀይ ስር ጁስ በየቀኑ እጠጣለሁ፣ የአይረን ኪኒን ደግሞ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት። አንዱ አልሠራ ሲለኝ እኮ ነው የጨመርኩት።»

የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ዝቅ ሳደርገው ቅላቱ ጠፍቶ ነጥቷል። «በረዶ ወይም አፈር ያምርሻል?» ስላት ደንግጣ ሳቀች። ለካ ማታ ማታ ፍሪጅ ከፍታ በረዶ ትቆረጥማለች፤ አፍራ ለማንም አልተናገረችም። ይህ ብረት ባለቀበት ሰውነት ላይ የሚታይ የታወቀ ምልክት ነው። ሄሞግሎቢኗ 7.6 ሆኖ መጣ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ይባላል፤ ለወንድ ከ13፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ በአብዛኛው ከ11 በታች። እንደኛ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩ ትንሽ ከፍ እንዲል ይመክራል።

ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም። ሰውነቷ አየር አጥሮት ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው

ብዙ ሰው «የደም ግፊት ማነስ»ን እና «ደም ማነስ»ን አንድ ያደርጋቸዋል። የደም ግፊት ማለት ደሙ የደም ሥራችንን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ክንዳችን ላይ ጠቅልለን የምንለካው እሱን ነው። ደም ማነስ ግን ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሴሎች ወይም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ሲያንስ ነው። ይህ የሚታወቀው ደም ተወስዶ ላብራቶሪ ሲታይ ብቻ ነው። ግፊቱ ደህና ሆኖ ደሙ ያነሰ ሰው ሞልቷል። ጨው መጨመር ደግሞ አንዲት ቀይ የደም ሴል አይሠራም።

ቀይ ስርም ቢሆን ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ቅላቱ የራሱ ቀለም ነው እንጂ ደም አይደለም። የብረት መጠኑም ብዙ አይደለም።

ትእዛዙ ከኩላሊት ይወጣል

ሆርሞን ማለት አንድ የሰውነት ክፍል በደም ውስጥ ለሌላው የሚልከው መልእክት ነው። ደም የሚመረተው መቅኔ ውስጥ ነው፤ «አምርት» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ግን ከኩላሊት ነው። ኩላሊታችን የሚደርሰው ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ መቅኔ ሲደርስ ምርቱ ይጨምራል። ጤነኛ ሰው ውስጥ በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ቀይ የደም ሴሎች ይመረታሉ። አንዷ ሴል የምትኖረው ወደ 120 ቀን ብቻ ስለሆነ ምርቱ ማቆም የለበትም።

ለዚህ ነው ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ የሚያንሰው። ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለባቸው አባትና እናት ቤት ውስጥ ካሏችሁና ደም ማነስ ከታየባቸው የኩላሊት ምርመራ እንዲደረግላቸው ጠይቁ። እጥረቱ የትእዛዙ ከሆነ አይረን ብቻውን አይፈታውም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ሰው ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ኩላሊትም ብዙ ኤሪትሮፖይቲን ይልካል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች በዚህ የተነሳ ደማቸው ከልክ በላይ ወፍሮ የሚታመሙ አሉ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እኛው ክልል ሰሜን ተራሮች ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ከ200 በላይ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ በ2002 አሳተሙ። የሰዎቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ነበር፤ ባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ኦክስጅናቸውም 95 በመቶ አካባቢ ነበር። የአንዲስ ሰው ደሙን አወፈረ፣ የኛ ደገኛ ግን ሳያወፍር ኖረ። ይህ ማለት ግን «እኛ ደጋ ስለምንኖር ደማችን አያንስም» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ በ2016 በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው።

አራቱ ኪኒን ለምን አልሠራም?

ትእዛዙ ቢደርስም መቅኔ ብረት ከሌለው ሄሞግሎቢን መሥራት አይችልም። ጤፍ ላይ ጭቃ እንጂ ጤፍ ሳይኖር እንጀራ አይጋገርም እንደማለት ነው፤ ምጣዱ ቢግልም ሊጥ ያስፈልጋል።

የብረቱን በር የሚጠብቀው ደግሞ ሌላ ሆርሞን ነው። ጉበታችን የሚያመነጨው ሄፕሲዲን ይባላል። ብረት ሲበዛ ሄፕሲዲን ከፍ ይልና አንጀታችን ላይ ያለውን በር ይዘጋል። ብረት ሲያንስ ይወርድና በሩ ይከፈታል። አንድ ኪኒን ስትውጡ ሄፕሲዲን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጠዋት የተዋጠው ኪኒን የማታውን በር ይዘጋበታል። እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ብረት ባነሳቸው ሴቶች ላይ እንዳሳየው፣ ኪኒኑን በየቀኑ ከመውሰድ ይልቅ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ከተዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚገባውን ድርሻ ጨምሮታል።

ያቺ ልጅ በአራቱ ኪኒን ያተረፈችው የሆድ ድርቀትና ማቅለሽለሽ ነው። በስንት ቀን ስንት እንደሚወሰድ ግን ሐኪማችሁ ይወስናል፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ በተለይ የታዘዘላችሁን አትቀንሱ፣ አትዝለሉ።

ሄፕሲዲን እንደ ቲቢ ባሉ ለረጅም ጊዜ በሚቆዩ ሕመሞችም ከፍ ይላል። ያኔ ብረት ሰውነት ውስጥ እያለ ተቆልፎበት ደም ያንሳል።

ደሙ የት ሄደ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን እንስራ አይሞላም።

ልጅቷን ስለ ወር አበባዋ ስጠይቃት ዘጠኝ ቀን እንደሚቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ ሞዴስ እንደምትቀይር ነገረችኝ። «የኛ ቤት ሴቶች ሁሉ እንዲህ ነን» አለች። ኤስትሮጅን የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል፣ ፕሮጄስትሮን ያረጋጋዋል። እንቁላል በጊዜው ሳይለቀቅ ሲቀር ፕሮጄስትሮን ይጎድልና ደሙ ይበዛል፣ ይረዝማል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ወይም ከሰባት ቀን የሚያልፍ የወር አበባ «ተፈጥሮዬ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጣና ዳር ለምንኖር ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ሁክ ዎርም ተብሎ የሚጻፈው የመንጠቆ ትል እርጥብ አፈር ላይ ባዶ እግር ሲኬድ ቆዳ ቀዶ ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ቢልሃርዝያ ደግሞ ሐይቁ ዳር ስንዋኝ ወይም ልብስ ስናጥብ ከውኃው በቆዳ ይገባል። ሁለቱም በሰገራ ምርመራ ይታያሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

ወንድ ከሆናችሁ ወይም የወር አበባችሁ ካቆመ፣ ብረት አንሷችኋል ከተባላችሁ ጨጓራና አንጀታችሁ ሳይታይ አይረን ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ሳታውቁት ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚያዘወትሩ ሰዎች በተለይ።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

- ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር የብረትን መግባት ይቀንሳሉ። የዘጌ ቡና ይሁን የሌላ፣ ከምግብ ወይም ከኪኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት አርቁት። ቡና አቁሙ አላልኩም!
- በጾም ምስርና ጎመን ስትበሉ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት፣ ወይም ቃሪያና ቲማቲም ይኑርበት። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል።
- «እኛ ጤፍ ስለምንበላ ብረት አያንሰንም» አትበሉ። ጤፍ ውስጥ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ሰውነታችን ሁሉንም አይጠቀምበትም።
- አይረን ሰገራን ያጠቁራል፣ አትደንግጡ። ከመጀመራችሁ በፊት የጠቆረ ከሆነ ግን ቶሎ ታዩ።
- ኪኒኑን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ለትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬ አይረን ለሕይወት አስጊ መርዝ ነው።
- ሄሞግሎቢን ሲስተካከል አታቋርጡ። ጎተራው እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል።

ቆማችሁ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ ደረታችሁን የሚወጋችሁ ወይም ራሳችሁን የምትስቱ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አትጨርሱ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ልጅቷስ? ኪኒኑን በቀን ወደ አንድ ዝቅ አደረግንላት። የማሕፀን ሐኪም አይታት የወር አበባዋን የሚያስተካክል የሆርሞን መድኃኒት ጀመረች። ከሦስት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ 12.6 ሆነ። ወረቀቱን ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ያለችኝ ስለ ቁጥሩ አልነበረም። «ዶክተር፣ ዛሬ ደረጃውን ሳላርፍ ነው የወጣሁት» ነበር ያለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «እናቴንና እህቴን ላምጣቸው?» አለች።

አምጫቸው አልኳት። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ «ሰነፈች» የምትባል ካለች፣ ከመውቀሳችሁ በፊት ደሟን አስመርምሩላት።

ይህን ጽሑፍ ለእህቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።