ሳያይ የሚፈርም ባንክ

እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ1.1 ሚሊዮን ሰዎችን የሦስት ወር የክሬዲት ካርድ ግዢ መርምሯል። ስምም ሆነ የካርድ ቁጥር ከመዝገቡ አስቀድሞ ተነሥቷል። ሆኖም ኢቭ አሌክሳንደር ደ ሞንትዦይ የመሩት ቡድን አንድ ሰው በየትኛው ቀን ከየትኛው ሱቅ እንደገዛ የሚናገሩ አራት ፍንጮች ብቻ ከተገኙ፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ።

«ስሙን ሰርዘነዋል» የሚለው ማረጋገጫ እንግዲህ ብዙም አያስተማምንም። መድኃኒት የገዛ፣ ለጠበቃ የከፈለ፣ ለእምነት ተቋም የሰጠ ሰው ገመናው ከክፍያ መዝገቡ ይነበባል። ጥሬ ገንዘብ ግን በማን እጅ እንዳለፈ አይናገርም። ይህን ጠባይ ለኮምፒውተር ገንዘብ መስጠት ይቻል ይሆን?

አሜሪካዊው የክሪፕቶግራፊ ሊቅ ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1982 ይቻላል አለ። ሐሳቡን ያስረዳው በፖስታ ነው። ደንበኛው በዘፈቀደ የመረጠውን ረጅም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ውስጡ ካርቦን ባለው ፖስታ ያሽገዋል። ባንኩ ገንዘቡን ከደንበኛው ሒሳብ ቀንሶ ፖስታው ላይ ይፈርማል፤ ፊርማው በካርቦኑ በኩል ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ፖስታው ሲቀደድ ባንኩ የፈረመበት፣ ቁጥሩን ግን ያላየው ገንዘብ ይወጣል። በኮምፒውተር ላይ የፖስታውን ሥራ የሚሠራው ስሌት ነው፦ ደንበኛው ቁጥሩን እሱ ብቻ በሚያውቀው ሌላ ቁጥር ሸፍኖ ይልካል፤ ከተፈረመ በኋላ ሽፋኑን ያነሣል። በዚህ ቁጥር የተከፈለው ሻጭ ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ ባንኩ ፊርማው የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ለማን እንደፈረመ ግን ማወቅ አይችልም። ምስጢሩ የሚጠበቀው በባንኩ ቃል ሳይሆን በስሌቱ ነው።

ቁጥር በቀላሉ ይባዛልና ባንኩ የተከፈለበትን ሁሉ መዝግቦ ዳግም የመጣውን ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 ቻውም፣ አሞስ ፊያትና ሞኒ ናኦር ከዚህም የረቀቀ ዘዴ አቀረቡ። ገንዘቡን አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣ ሰው ማንነቱ ተሰውሮ ይቀራል፤ ያንኑ ገንዘብ ሁለቴ ያወጣ ግን የሁለቱ ክፍያዎች መረጃ ሲገጣጠም ራሱን ያጋልጣል። ሐቀኛውን ሸሽጎ አጭበርባሪውን ብቻ የሚያወጣ ሥርዓት መፍጠር ትልቅ ጥበብ ነው።

ገበያው ግን አልተከተለውም። ቻውም አምስተርዳም ላይ ያቋቋመው ዲጂካሽ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሴንት ሉዊሱ ማርክ ትዌይን ባንክ ጋር ሥራ ቢጀምርም፣ በ1998 ከሠረ።

ብዙ ሰው ዛሬ ስውር ገንዘብ ሲባል የሚያስበው ቢትኮይንን ነው፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የቢትኮይን መዝገብ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ከስም ይልቅ የሒሳብ አድራሻ ይታይ እንጂ እያንዳንዱ ዝውውር ለዘለዓለም ተጽፎ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከቢትኮይን መገበያያው ቢትፊኔክስ ወደ 120,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ተሰረቀ። የአሜሪካ መርማሪዎች ዱካውን ተከትለው በ2022 ከ94,000 በላይ የሚሆነውን ያዙ። ሌባውን ያስያዘው ክፍት መዝገብ ግን የሐቀኛውንም ግዢ እንዲሁ ያሳያል።

በስልክ መክፈል የተሻለ ነገር አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው አፕል ፔይ ለሱቁ የሚሰጠው እውነተኛውን የካርድ ቁጥር ሳይሆን ተተኪ ቁጥርና ለአንድ ግዢ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ቢዘረፍ ሌባው የሚጠቀምበት ካርድ አያገኝም። ካርዱን የሰጠው ባንክ ግን የት እንደተከፈለ አሁንም ያያል።

በኢትዮጵያ ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ክፍያ ከስልክ ቁጥር ጋር ተቆራኝቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሕግ ግን በዋናነት የሚጠብቀው የተሰበሰበን መረጃ ነው፤ የቻውም ዘዴ መረጃው ከነጭራሹ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል። ለግብር ሰብሳቢውም እንቅፋት አይሆንም፤ ገዢው ቢሰወርም ሻጩ ገንዘቡን ባንክ ሲያስገባ ገቢው ይታያልና። ቻውም ራሱ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊስ ብሔራዊ ባንክ የጥናት ወረቀት ለማዕከላዊ ባንኮች አቅርቦታል።