ጠባቂው ማሽኑ ውስጥ ነው

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቫይረስ ወደ ቤት የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ በኪስም ይገባል። ተማሪው አሳይመንቱን ለማሳተም ፍላሹን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወርዳል። የዚያ ቤት ኮምፒውተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ሁሉ ፍላሽ ሲሰካበት ነው የሚውለው።

ፍላሹ ቤት ተመልሶ ሲሰካ ፎልደሮቹ ከነስማቸው አሉ። ግን በእያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ወጥታለች፤ መጠናቸውም አንድ ሁለት ኪሎባይት ሆኗል። ይህ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በቦታቸው አቋራጭ ይተካል። አቋራጩ ሲከፈት ፎልደሩም ይከፈታል፣ ከጀርባ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ የሚያግድ ማሻሻያ በየካቲት 2003 ዓ.ም. ስላሰራጨ፣ እንዲህ ያለው ቫይረስ የኛን ጠቅታ ይለምናል። ብዙ ሰው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ፋይሉ የምር የሚጠፋው ያኔ ነው! መፍትሔው ፍላሹን ሳይከፍቱ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ስካን ማድረግ፣ ከዚያ የተደበቁትና የሲስተም ፋይሎቹ እንዲታዩ ማዘዝ ነው።

ታዲያ የትኛው አንቲቫይረስ ይገዛ? ለአብዛኛው ቤት መልሴ ምንም አይገዛ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የተባለው ጠባቂ ከማሽኑ ጋር በነፃ ይመጣል፣ ለቤት ሥራም ይበቃል። ችግሩ ብዙ ቤት ጠፍቶ መገኘቱ ነው። ላፕቶፑን የጫነው ባለሙያ ኦፊሱን በክራክ አክቲቬት ለማድረግ ዲፌንደሩን ያጠፋዋል፤ ጠባቂው ክራኩን ስለሚይዝበት ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ መልሶ የሚያበራው ጥቂቱ ነው። ስቶፕ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ራንሰምዌር ደግሞ በዋናነት የተሠራጨው በክራክና በቁልፍ ማመንጫ ፕሮግራሞች ውስጥ ተደብቆ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍቶ ሪል-ታይም ፕሮቴክሽን እና ታምፐር ፕሮቴክሽን የሚሉት መብራታቸውን ማየት ነው።

መግዛት የሚፈልግ ይግዛ። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫን ግን ማሽኑን ከማንቀራፈፍ አልፎ እርስ በርስ ያጋጫል። ሌላ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ገለል ይላል። በነፃ የሚገኝም ሁሉ ነፃ አይደለም፦ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በየካቲት 2016 ዓ.ም. አቫስትን የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ሸጧል ብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ካስፐርስኪም አሜሪካ ውስጥ ከመስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማሻሻያ እንዳይሰጥ ታግዷል። እገዳው የሩሲያ መንግሥት በኩባንያው ላይ ሊኖረው ይችላል ከተባለው ተፅዕኖ የመነጨ እንጂ ፕሮግራሙ ቫይረስ አይዝም ከማለት አይደለም። ለጥርጣሬ ጊዜ ማልዌርባይትስ የተባለውን ፕሮግራም በነፃ አውርዶ አንዴ መፈተሽ ይቻላል።

የሞባይል ዳታ ለመቆጠብ ሲባል አፕዴት የሚዘጋበት ቤት ዲፌንደርም ያረጀ የቫይረስ ዝርዝር ይዞ ይቀራል። ለዊንዶውስ 10 ማይክሮሶፍት የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የዲፌንደር ዝርዝር መታደሱ ቢቀጥልም የሲስተሙን ቀዳዳ አይደፍንም። ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም ማሽን ያለው ሰው ለአንቲቫይረስ ሊከፍል ያሰበውን ብር በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል፤ ፋይሎቹን ገልብጦ ነቅሎ ያስቀምጠው። ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክ ራንሰምዌር ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።