«አስወረዳት» እና «አስወረደች»

ሲያትል ውስጥ በሕክምና አስተርጓሚነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ክትባት አያስቸግሩኝም። የሚያስቸግረኝ «አቦርሽን» የሚለው ቃል ነው።

አንዲት እኅታችን ሦስተኛ ወሯን ሳትጨርስ የጽንሱ የልብ ምት ቆመ። (ስሟም ቀኑም ከእኔ ጋር ይቀራል፤ ደግሞም ከአንዷ በላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ማንንም አላጋለጥኩም።) ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘችላትና ወደ ቤት የምትወስደውን ወረቀት ሰጠቻት። «ሚስድ አቦርሽን» ይላል። አነበበችው። ቀና ብላ ሐኪሟን ሳይሆን እኔን አየችኝና «እኔ መቼ አስወረድኩ? የሞተብኝ እኮ ነው!» አለችኝ።

በሐኪሞች እንግሊዝኛ ጽንሱ በራሱ ቢወርድም፣ ማኅፀን ውስጥ ቢሞትም፣ ሴትየዋ ወስና ብታቋርጠውም ስሙ ያው አቦርሽን ነው። በእኛ ዘንድ ግን «አስወረዳት» ከተባለ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ «አስወረደች» ከተባለ ወሬው በሹክሹክታ ይሆናል። የመጀመሪያው የደረሰባት ነው፣ ሁለተኛው ያደረገችው። የሚለያቸው የግሱ መጨረሻ ብቻ ነው። «ጽንስ ማቋረጥ» የሚለው የባለሙያዎች አነጋገር ጨዋ ነው፤ ግን እናቴ ብትሰማው ምን ማለት እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

መድኃኒቱም ያው ነው። ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል ጽንስ ለማቋረጥ ይሰጣሉ፤ የሞተ ጽንስ አልወጣ ሲልም ይሰጣሉ። የአሜሪካ ፖለቲካ የገባው እዚህ መሀል ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 24 ቀን 2022 ከ1973 ጀምሮ የቆየውን የሮ ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ለየስቴቱ ሲተወው፣ እኛ ዋሽንግተን ስቴት ያለነው ብዙም አልነካንም። እዚህ ሕዝቡ በ1970 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ ከፍርድ ቤቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በድምፁ ፈቅዶታል። በ2023ም ስቴቱ ሚፌፕሪስቶን ይከለከላል ብሎ ስለሰጋ 30,000 መጠን ገዝቶ መጋዘን አስገብቷል። በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነድታችሁ የምትደርሱባት አይዳሆ ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከልክላለች። እዚያ ሳንድፖይንት ከተማ ያለው ሆስፒታል በ2023 የማዋለድ አገልግሎቱን ሲዘጋ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሕግ ሁኔታ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ወገን ያለባት ቴክሳስ ናት። እዚያ ጽንስ ያቋረጠ ሐኪም እስከ ዕድሜ ልክ እስራትና ቢያንስ 100,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። እውነቱን ለመናገር ሕጉ የሞተ ጽንስ ማውጣትን አይከለክልም። ጭንቁ የልብ ምቱ ገና ሳይቆም ሽርት ውኃዋ ያለጊዜው ለፈሰሰ ሴት ነው። ጽንሱ አይተርፍም፤ እሷም በኢንፌክሽን ልትታመም ትችላለች፤ ሐኪሙ ግን ጠበቃ እያሰበ ይጠብቃል። የስቴቱ ምክር ቤት ራሱ በ2025 «ሐኪሞች መቼ መግባት ይችላሉ» የሚለውን ለማብራራት ሕጉን ማሻሻል ግድ ሆኖበታል።

እኔ ቤተ ክርስቲያን የማልቀር ሰው ነኝ፤ ስለ ውርጃ የማምነውን እዚህ ልዘረዝር አልመጣሁም። ግን «ይህ የፈረንጆች ክርክር ነው» የሚለው የቡና ላይ ወሬያችን አይዋጥልኝም። አገር ቤት እኮ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ተደፍራ ወይም ከቅርብ ዘመድ ለፀነሰች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ለወደቀ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ችግር ላለበት፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በልጅነቷ ማሳደግ ለማትችል ይፈቅዳል። ተደፍሬያለሁ ካለች ቃሏ ይበቃል። የዳላሷ እኅቷ ይህ የላትም! በሌላ በኩል ሬገን በ1984 ያወጡት የርዳታ ክልከላ፣ ሪፐብሊካን በገባ ቁጥር እየተመለሰ፣ በጃንዋሪ 2025ም በትራምፕ ተመልሶ፣ የአሜሪካን ገንዘብ የሚቀበል የውጭ ድርጅት ይህን አገልግሎት በሌላ ገንዘቡ እንኳ እንዳይሰጥ ያስራል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በዚሁ ክልከላ የተነሳ ርዳታ ካጡት አንዱ ነው። እኔ ሲያትል ቁጭ ብዬ በፖስታ የምልከው የምርጫ ወረቀት የት ድረስ እንደሚሄድ አስቡት።

ዳላስ፣ ሂውስተን፣ አትላንታ ያላችሁ፣ ለማርገዝ የምታስቡ ከሆነ፣ «ከመንገድ ቢበላሽ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

ያን ቀን ሐኪሟን አስፈቅጄ የቃሉን ነገር ለሁለቱም አስረዳሁ። ሐኪሟ ደነገጠች፤ ይቅርታም ጠየቀች። እኅታችን አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ወረቀቱን አራት ጊዜ አጥፋ ቦርሳዋ ሥር ከተተችውና «ባለቤቴ እንግሊዝኛ ያነባል» አለችኝ።