የጸጥታ አስከባሪዎች የውሎ አበል በሕግ ሲወሰን

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ የውሎ አበልን ምንነት ታውቃላችሁ። ይኸውም ሠራተኛው በሥራ ትእዛዝ ከቤቱ ርቆ ሲውልና ሲያድር የሚያወጣውን ገንዘብ መንግሥት የሚተካበት ሥርዐት ነው። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በተለመደው አከፋፈል የቀኑ አበል ከመቶ 10 ለቁርስ፣ 25 ለምሳ፣ 25 ለእራት፣ 40 ለአልጋ ተብሎ ይመደባል። ለጸጥታ አስከባሪዎች ተጨማሪ የቀን ክፍያ በሕግ ይወሰን የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ግን ነገሩ ከዚህ ይረቅቃል፤ እንዴት እንደ ሆነ በቆቦና በራያ ቆላ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአላማጣ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይጋርዷታል፤ በመካከሉም የማሽላና የጤፍ አገር የሆነው ሜዳ ተዘርግቷል። በክረምት የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ከደጋው በሚወርደው ጎርፍ በድንገት ይሞላሉ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደርሶባታል። እንግዲህ ከቆቦ ወደ ዞብል ለጥበቃ የታዘዘ ፖሊስ ሌሊቱን ቆሞ ቢያድር፣ አልጋ አልተከራየህም ተብሎ ከመቶ 40 እጁ ይቀነስበት? ወይስ እንቅልፉን ስላጣ ይጨመርለት? ሕጉ ዝም ካለ መልሱን የሚሰጠው ገንዘብ ከፋዩ እንደ መሰለው ይሆናል።

ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የውሎ አበል የወጪ መተኪያ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የድካም ዋጋ ነው። የአደጋ አበል ደግሞ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ስለ ማጋለጡ የሚሰጠው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ለቀን ትርፍ ሰዓት 1.5፣ ለሌሊት 1.75፣ ለሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ ለሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ እንዲከፈል ያዝዛል። ነገር ግን ፖሊስ የሚተዳደረው በልዩ ሕግ ስለ ሆነ ይህ ዐዋጅ አይመለከተውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሕጉን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስን ማደራጀትና መምራትን፣ የክልሉንም ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ በሕግ መወሰንን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ የቆቦ ፖሊስ አበል የክልሉ ሥልጣን ነው፤ በዚያው ኬላ አጠገቡ የሚቆም የፌዴራል ፖሊስ ግን በፌዴራል ሕግ ይተዳደራል። ዝናሙ ሁለቱንም እኩል ሲያበሰብሳቸው አበላቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

ከሁለቱ ሌላ የቀበሌው ሚሊሻ አለ። እርሱ እርሻውን ትቶ ለጥበቃ የሚወጣ ገበሬ እንጂ የወር ደመወዝተኛ አይደለም። አበሉ ከደመወዝ በመቶ ይህን ያህል ተብሎ ቢሰላ ለእርሱ የሚደርሰው ምንም ነው። በቁርጥ ብር ቢወሰን ግን ከቤቱ ለወጣበት ቀን የሚገባውን ያገኛል።

በመጨረሻም የገንዘቡ ምንጭ ይጠየቃል። ሕጉ መልካም ሆኖ በጀት ያልተያዘለት እንደ ሆነ ክፍያው ይዘገያል፤ ፖሊሱም ምግቡን በዱቤ ይበላል። ያን ጊዜ የመንግሥቱን ወጪ የተሸከመው የምግብ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ለእርሱም ዕዳ ከሜዳ ይሆንበታል።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል ረቂቅ የሚጽፉ፣ በጀት የሚደለድሉና የክፍያ ሰነድ የሚፈርሙ ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ረቂቅ እጃችሁ ሲገባ ክፍያው ስለ ምን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚደርስ፣ ከየትኛው በጀት በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፈል በግልጽ ተጽፎ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ካልተጻፈ ለማስተካከል ጊዜው ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ነው።