የዝንብ መምቻና የወረቀት ኩባያ ከምን ተነሡ?

ዘወትር በእጃችን የምንይዛቸው ተራ ዕቃዎች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በርካሽ ዋጋ የሚገዛው የዝንብ መምቻና አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት የሚጣለው የወረቀት ኩባያ ለምቾት ብቻ የተሠሩ ይመስላሉ። ነገር ግን ሁለቱም በሰፊው የታወቁት በበሽታ ላይ በተከፈተ ዘመቻ ምክንያት ነው፤ በሁለቱም ታሪክ ውስጥ የአንድ ሐኪም ስም ይገኛል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሐኪሙ ዶክተር ሳሙኤል ክረምባይን ይባላሉ። ከ1904 እስከ 1923 ዓ.ም. በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት የጤና ቦርድ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ዝንብን የሚያስቸግር እንጂ የሚገድል ፍጥረት አድርጎ አይቈጥራትም ነበር። ይሁን እንጂ በ1898 ዓ.ም. አሜሪካ ከእስፓኝ ጋር በተዋጋች ጊዜ፣ ከጠላት ጥይት ይልቅ ብዙ ወታደር የፈጀው ታይፎይድ የተባለው የአንጀት ተስቦ ነበር። ነገሩን እንዲመረምሩ የተላኩት ሐኪሞች በየሰፈሩ ሲዘዋወሩ፣ በመጸዳጃ ጕድጓዶች ላይ የተነሰነሰው ኖራ እግራቸውን ያነጣው ዝንቦች በወታደሮቹ ምግብ ላይ ሲራመዱ ተመለከቱ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገም።

ዶክተር ክረምባይን ይህን ለሕዝብ ለማስረዳት በቦርዱ ወርኃዊ ጽሑፍ ይጠቀሙ ነበር። ሆኖም ከዝንብ ጋር መኖር የለመደ ሕዝብ በምክር ብቻ በቀላሉ አይነሣም። በ1905 ዓ.ም. በቶፒካ ከተማ ቤዝቦል የተባለውን የኳስ ጨዋታ ሲመለከቱ፣ ተመልካቹ ተጫዋቹን «ምታት! ምታት!» እያለ ሲጮኽ እንደ ሰሙ እርሳቸው ራሳቸው ተርከዋል። በእንግሊዝኛ ወደ ላይ ለተመታች ኳስና ለዝንብ መጠሪያው አንድ ቃል ስለ ሆነ፣ «ዝንብን ምታ!» የሚለው መፈክር ወዲያው ታሰባቸው፤ ለሚቀጥለውም እትም አርእስት አደረጉት።

መፈክሩን የሰሙ ፍራንክ ሮዝ የተባሉ የዊር ከተማ መምህር ቍርጥራጭ የሽቦ ወንፊት በመለኪያ በትር ጫፍ ላይ ቸንክረው ለሐኪሙ አሳዩአቸው። ሐኪሙም «መምቻ» የሚለውን ስም አወጡለት። በእርግጥ ሮበርት ሞንትጎመሪ የተባለ ሰው በ1900 ዓ.ም. ለሽቦ ወንፊት ዝንብ መግደያ የፈጠራ መብት ወስዶ ነበር፤ ስሙንና ዝናውን የሰጠው ግን ይህ ዘመቻ ነው። ወንፊት የሆነበትም ምክንያት አለው። ድፍን ሰሌዳ አየሩን እየገፋ ስለሚመጣ ዝንቢቱን አስቀድሞ ያስጠነቅቃታል፤ በወንፊቱ ቀዳዳ ግን አየሩ ያልፋል።

የኩባያው ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ባቡሮች፣ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ የውሃ ቦታዎች አንድ ጣሳ በሰንሰለት ታስሮ ይቀመጥ ነበር፤ ሕመምተኛውም ጤነኛውም ከዚያው ይጠጣ ነበር። ዶክተር ክረምባይን በባቡር ሲጓዙ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች የጠጡበትን ጣሳ አንዲት ሕፃን ተቀብላ ስትጠጣበት አዩ። በ1909 ዓ.ም. የካንሳስ የጤና ቦርድ በባቡርና በትምህርት ቤት የጋራውን ጣሳ ከለከለ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1907 ዓ.ም. ሎረንስ ሉኤለን የተባለ የቦስተን ሰው የወረቀት ኩባያ ሠርቶ ነበር። ከባልደረባው ከሂዩ ሙር ጋር ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያው እየቀዱ በአንድ ሳንቲም ቢያቀርቡ ብዙም ገዢ አላገኙም። የጋራው ጣሳ ሲከለከል ግን ኩባያው ራሱ ተፈላጊ ሆነ፤ መጀመሪያ «የጤና ኩባያ»፣ ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮም «ዲክሲ» ተባለ።

ዛሬ እንደሚታወቀው የሳንባ ነቀርሳ በይበልጥ የሚተላለፈው ሕመምተኛው ሲያስል በአየር ነው። ነገር ግን እንደ ዘጊ አናዳና እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉ በምራቅ የሚተላለፉ በሽታዎች ስላሉ፣ የጋራውን ጣሳ መተው ትክክል ነበር።

የዝንቡም ነገር እንዲሁ እኛን ይመለከተናል። በአገራችን የቈየው ጭራ ዝንብን ያባርራል እንጂ አይገድልም፤ ከአንዱ ሕፃን ዓይን የተነሣችውም ዝንብ ሄዳ በሌላው ዓይን ላይ ታርፋለች። ትራኮማ የተባለው አሳዋሪ የዓይን በሽታ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። መምቻውም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። አንዲት የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ እንቍላል ትጥላለች፤ በሞቃት ወራትም እንቍላሉ በ10 ቀን ገደማ ዝንብ ይሆናል። መራቢያዋ ካልጠፋ ክንድ ይዝላል እንጂ ዝንብ አያልቅም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚከተለውን ይፈጽም፦

1ኛ/ የመጸዳጃ ጕድጓድ ዘወትር ይከደን።
2ኛ/ ፍግና ጥራጊ ከቤት ርቆ ይቀበር ወይም ይቃጠል።
3ኛ/ ምግብና የመጠጥ ውሃ ተከድኖ ይቀመጥ።
4ኛ/ የሕፃናት ፊት በየቀኑ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።
5ኛ/ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ኩባያ ይጠጣ፤ ይህ ባይቻል ኩባያው ለሌላው ከመሰጠቱ በፊት በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

የካንሳሱ ሐኪም የጻፉት ምክር ፍሬ ያፈራው አንድ መምህር በመለኪያ በትርና በቍርጥራጭ ወንፊት ሥራ ላይ ስላዋለው ነው። ይህንም ምክር ሥራ ላይ የሚያውለው አንባቢው ነው።