ያውቁ ኖሯል? ከሐኪም ዓይን የሚሰወሩ የጥርስ ቦዮች

የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ሥሩ ሦስት ቢሆንም የነርቭ ቦዮቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። አራተኛው በጉንጭ በኩል ባለው የፊተኛው ሥር ውስጥ፣ ከሌላው ቦይ አጠገብ ይገኛል። አፉ በጣም ጠባብ ስለሆነ በባዶ ዓይን በቀላሉ አይታይም፤ ማይክሮስኮፕ ፍለጋውን ያቀልለዋል። ሳይጸዳ ከቀረ ግን ጀርም ይዞ ይቆያል። ሩት ካናል (የነርቭ ቦይ ሕክምና) የተሠራለት መንጋጋ ከጊዜ በኋላ እንደገና ካመመዎ፣ «ይነቀልልኝ» ከማለትዎ በፊት «የቀረ ቦይ ይኖር ይሆን?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሕክምናው ተደግሞለት የሚድን ጥርስ ብዙ ነው።

የጥርስ ቦዮች ውስብስብ መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። የዙሪኩ ተመራማሪ ዋልተር ሄስ በሺህ በሚቆጠሩ ጥርሶች ውስጥ ጎማ ሞልቶ አጠነከረው፤ ከዚያም ጥርሶቹን በአሲድ አሟሟቸው። የቀረው የጎማ ቅርጽ ቀጥ ያለ ቱቦ ሳይሆን ቅርንጫፍ የበዛበት መረብ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1925 በእንግሊዝኛ ታትሟል።

የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አንዳንዴ በምላስ በኩል ሦስተኛ ሥር ያበቅላል፤ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ይዘወተራል፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ብርቅ ነው። ከፊት ለፊት በተነሳ ራጅ ላይ ሌላው ሥር ይጋርደዋል። ሐኪምዎ አቅጣጫ ለውጠው ድጋሚ ራጅ ቢያነሱዎ ቅር አይበልዎ።

የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ቦዮች ተያይዘው የላቲኑን «ሲ» ፊደል የሚሠሩበት ጊዜም አለ። ተመራማሪዎቹ ኩክ እና ኮክስ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውታል። ቦዩ የሚጸዳበት ቀጭን የብረት መሣሪያ ወደ ስንጥቁ ሁሉ አይደርስም። ያልደረሰበትን የሚያጸዳው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ የበረኪና ዋና ንጥረ ነገር። ሐኪሞች ጥርሱን በላስቲክ ከልለው በጥንቃቄ ይጠቀሙበታል፤ እባክዎ የቤት በረኪና ወደ አፍዎ አያስጠጉ።

የነርቭ ክፍላቸው ሰፊና ጥልቅ፣ ሥራቸው አጭር የሆኑ መንጋጋዎችም አሉ። ተመራማሪው አርተር ኪዝ እ.ኤ.አ. በ1913 «የበሬ ጥርስ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣላቸው። በክሮኤሺያ ክራፒና የተገኙት የኒያንደርታል ሰዎች መንጋጋዎች በዚህ ይታወቃሉ።

በጥርስ ውስጥ ጥርስ ያለ የሚያስመስል አፈጣጠርም አለ። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ የላይኛው ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በብዛት የሚታየው በላይኛው የፊት ጥርስ ላይ፣ ከመካከለኛዎቹ ሁለት ቀጥሎ ባለው ነው። ጥርሱ ጤነኛ መስሎ ሳለ ጀርም በትንሿ ጉድጓድ በኩል ወደ ነርቩ ሊገባ ይችላል። ጉድጓዷ ጥርሱ እንደወጣ ከተደፈነች ሩት ካናል ላያስፈልገው ይችላል።