በፀሐይ የሚሠራ ሰዓት ቻርጅ አልይዝ ሲል

«ባትሪ የማይቀየርለት ነው» ተብሎ የተገዛ ሰዓት ሲቆም ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ጨለማው ደግሞ ይብስበታል። መድኃኒቱን በእጁ ሰዓት እያየ የሚወስድ ሰው ግን ሰዓቱ ከመቆሙ በፊት የሚሰጠውን ምልክት ቢያውቅ ይጠቀማል።

ሲቲዝን ኢኮ ድራይቭን፣ ሴይኮ ሶላርንና አንዳንድ የካሲዮ ሰዓቶችን የመሳሰሉት ከገጻቸው ላይ ብርሃን ይቀበላሉ፤ ብርሃኑም ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ትንሽ ባትሪ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ባትሪ አላቸው፤ ባትሪያቸው ግን እንደ ስልክ ባትሪ እየተሞላ የሚሠራ ነው።

በሲቲዝንና በሴይኮ ላይ ሰከንድ ቆጣሪው ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ መሄድ ከጀመረ «ራበኝ» ማለቱ ነው። ቁጥር የሚያሳየው ካሲዮ ላይ ጽሑፉ ከጠፋ ግን አይደንግጡ፤ ብዙዎቹ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ኃይል ለመቆጠብ ይተኛሉ። ብርሃን ሲያገኙ ወይም ቁልፍ ሲጫኑባቸው ይነቃሉ።

«መብራት ሥር አስቀምጬው ነበር» የሚሉ አሉ። የቢሮ መብራት 500 ሉክስ ገደማ ነው፤ የጠራ ቀን ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ 200 እጥፍ ማለት ነው። በክረምት ደግሞ ሹራቡና ጃኬቱ ሰዓቱን ቀኑን ሙሉ ይሸፍኑታል። ሰዓቱን አውልቀው ገጹን ወደ ውጭ አዙረው መስኮት ላይ ለጥቂት ቀናት ያስቀምጡት። መኪና ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር ግን በፍጹም አይተዉት፤ ሲቲዝን ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ እንዳይደረግ ያስጠነቅቃል፤ በእስራኤል በጋ ደግሞ መኪና ውስጥ እንዲህ መጋል ቀላል ነው።

ከዚያ ሰዓቱን አስተካክለው ይከታተሉት። ሙሉ ቻርጅ ያለው ኢኮ ድራይቭ ጨለማ ውስጥ እንኳ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ያህል ይሄዳል። ቀናት ሙሉ ፀሐይ አግኝቶ በአንድ ሁለት ቀን ከቆመ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይም ውስጡ ሌላ ችግር አለ። መስታወቱ ከውስጥ ጉም ከያዘ ውኃ ገብቶበታልና ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳዩት።

አሐራዩቱ ካላለፈ መጀመሪያ ወደ ሸጠልዎ ሱቅ ይሂዱ። ካለፈ ደግሞ ሰዓት ሠሪውን «ባትሪ ቀይርልኝ» ብቻ አይበሉት። «በፀሐይ የሚሠራ ስለሆነ ለእሱ የተሠራውን የሚሞላ ባትሪ ነው የምፈልገው» ይበሉት። ተራው ባትሪ በመልክም በመጠንም ሊመሳሰል ይችላል፤ ነገር ግን ቻርጅ እንዲደረግ አልተሠራምና ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ዋጋውንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሰዓቱ ርካሽ ከሆነ በእኔ አስተያየት አዲስ መግዛቱ ሳይሻል አይቀርም። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ውኃ የሚከላከለውን ጎማ ይመልከትልዎ።

አሮጌውን ባትሪ እዚያው ይተዉት እንጂ ቤት አያምጡት። የልጅ ልጅ ከዋጠው በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ልጁ ደህና ቢመስልም ሳይጠብቁ 101 ይደውሉ።